ባፈር ፑል ምንድን ነው?

ኮዬ ፈጬ፣ እኛ ብሎክ ሥር ያለው ሱቅ ጠባብ ነው። ባለሱቁ ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን እጁ ከሚደርስበት መደርደሪያ አያርቅም። ግማሽ ኪሎ ስኳር ካላችሁት ሳይነሳ ይሰጣችኋል። አምፖል ካላችሁት ግን ጓዳ ገብቶ ካርቶን ሲያገላብጥ ወረፋው ይረዝማል።

ባፈር ፑል ያ መደርደሪያ ነው። ዳታቤዝ (መረጃ የሚያከማች ሶፍትዌር) መረጃውን የሚያኖረው ዲስክ ላይ ነው፤ ሊያነበው ወይ ሊቀይረው ሲፈልግ ግን ራም (ፈጣኑ፣ መብራት ሲጠፋ የሚረሳው ማኅደረ ትውስታ) ላይ ወደከለለው ቦታ ያመጣዋል። የሚያመጣው በገጽ በገጽ፣ ማለትም መጠናቸው እኩል በሆኑ ቁራጮች ነው። ካልቀየሩት በስተቀር ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ አንድ ገጽ 8 ኪሎባይት ነው፣ የሌላው ዳታቤዝ የማይኤስኪውኤል 16።

ቦታው ሲሞላስ? ብዙውን ጊዜ ሳይነካ የቆየው ይወጣል። ጥሩ ነው፣ ግን ቀዳዳ አለው። ሰሞኑን ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ነበር። ባለሱቁ ለድንኳኑ ብሎ መደርደሪያውን በብርጭቆ ሞላው፤ ስኳሩ ጓዳ ገባ። ሁለት ደርዘን ተሸጠ፣ ከዚያ ጠያቂ የለም። እሱ ግን ስኳር ፍለጋ ጓዳ ሲገባ ሲወጣ ዋለ። የወር መጨረሻ ሪፖርትም እንዲሁ ነው፦ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያነብና ተፈላጊዎቹን ገጾች ያባርራል። ለዚህ ነው የማይኤስኪውኤሉ ኢኖዲቢ (መረጃውን የሚያስቀምጠው ክፍሉ) አዲስ ገጽ ፊት የማያስቀምጠው። ወደ ኋላ፣ ቶሎ ወደሚወጡት በኩል ያስገባዋል፤ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ዳግም ከተነካ ብቻ ወደፊት ያመጣዋል።

ዲቢ2 በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ፑሉን ከፋፍሎ ለየቴብልስፔሱ (ሠንጠረዦች ለሚቀመጡበት ክፍል) መመደብ ይቻላል። እኔ ግን አልቸኩልም። ትንሽ ራም ከተከፋፈለ አንዱ ፑል ሲራብ ሌላው ቦዝኖ ይቀመጣል።

አንድ መሥሪያ ቤት ሲስተሙ ተንቀራፈፈ ተብዬ ሄድኩ። አዲስ ማሽን ይገዛ እየተባለ ነበር። ሰርቨሩ 16 ጊጋባይት ራም አለው፤ የማይኤስኪውኤሉ ባፈር ፑል ግን ከተጫነ ጀምሮ 128 ሜጋባይት ላይ ነው! 10 ጊጋ ሰጠነው፣ ግዢው ቀረ። ለፖስትግሬስ ግን እንዲህ አይለገስም። እሱ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙንም ካሽ (እሱም ራም ላይ ያለ ሌላ መደርደሪያ) ስለሚጠቀም፣ ከራሙ ሩብ መጀመር ይሻላል።

ደግሞ «99 በመቶው ከራም ነው የሚነበበው» ሲሏችሁ አትዘናጉ። 98 ሲሆን የወረደው አንድ ብቻ ይመስላል፤ ወደ ዲስክ የሚሮጠው ግን እጥፍ ሆኗል።

መብራት ቢጠፋስ? ባለሱቁ ደብተሩ ላይ ሳይጽፍ ዱቤ አይሰጥም። ዳታቤዙም ለውጡን አስቀድሞ ዲስክ ላይ ባለው ሎግ (የለውጥ መዝገብ) ይጽፋል፤ ስለዚህ የጸደቀው አይጠፋም። ፑሉ ግን ባዶ ሆኖ ነው የሚነሳው፤ ገጾቹ እስኪመለሱ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ትንሽ ይቆማሉ።