የጤና ጉድለት ወይስ የሥራ ላይ ጉዳት? የጡረታ ፋይል የሚዘገይበት ምክንያት

ቡሬ ፋብሪካ ውስጥም ሆነ ደብረ ማርቆስ ሆቴል ቤት ሲሠሩ ቆይተው አቅም ያነሳቸው ሰዎች «ጡረታዬ ምን ዋጠው?» ይላሉ። ብዙ ጊዜ የተጠየቀው አበል ሌላ፣ የቀረበው ማስረጃ ሌላ ሆኖ ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 የጤና ጉድለትንና የሥራ ላይ ጉዳትን ይለያቸዋል። የጤና ጉድለት የሚባለው ከሥራው ጋር ያልተያያዘ ሕመም ወይም አደጋ መሥራት ሲከለክል ነው። 10 ዓመት ያገለገለ የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል። ያልሞላው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ይወስዳል። የሥራ ላይ ጉዳት ግን የአገልግሎት ዘመን አይጠይቅም። በተቀጠረ በወሩ ማሽን እጁን የቆረጠው ሰውም መብት አለው።

እዚህ ላይ የአሠሪው ደብዳቤ ወሳኝ ነው። አደጋው መቼ፣ የት፣ ምን ሲሠራ እንደደረሰ ይግለጽ። ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይጻፍ፤ አለቃው ከተቀየረ በኋላ ማን ይመሰክራል?

የአንድ ሐኪም የሕመም ፈቃድ ወረቀት አይበቃም፤ የሚፈለገው የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ነው። ቦርድ ፊት ሲቀርቡ የድሮ የሕክምና ወረቀቶችን ይዞ መሄድ ምልልስ ይቀንሳል።

የስም ነገርማ አይነሳ! መታወቂያው «ኃይለማርያም» እያለ የደመወዝ መክፈያው «ኃ/ማርያም» ካለ ፋይሉ እዚያው ሊቆም ይችላል። አስቀድሞ ማስተካከል ነው። ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ መዋጮ በየወሩ መግባቱንም ጤና እያለ ማጣራት ይሻላል።