የመሥሪያ ቤት ዌልነስ ፕሮግራም ምንድን ነው?

ከሰው ሀብት ክፍል ኢሜይል ይመጣል። «ከሰኞ ጀምሮ የእርምጃ ውድድር አለ፤ በአምስት በአምስት እየሆናችሁ ቡድን መሥርቱ» ይላል። ገሚሱ ሰው ስኒከሩን ያዘጋጃል። ገሚሱ ደግሞ «ሥራው አንሶን ነው?» ብሎ ኢሜይሉን ይዘጋል። ዌልነስ ፕሮግራም ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህንን ነው። ነገሩ ግን ከውድድር ይሰፋል።

ዌልነስ ፕሮግራም ማለት አሠሪው የሠራተኞቹን ጤና ለመጠበቅ ጊዜና በጀት መድቦ የሚያካሂደው ሥራ ነው። የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ሊኖረው ይችላል። ሲጋራ ማቆም ለሚፈልጉ የሚሰጥ እገዛ፣ የጭንቀት ምክር፣ የጂም ድጎማ፣ የመንፈቅ የጤና መጠይቅም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ። እዚህ የምናወራው ስለ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ ሰው በሥራ ቀኑ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ስለሚደረገው።

ለምን በሥራ ቦታ? ከነቃንበት ሰዓት ብዙውን የሚወስደው እሱ ስለሆነ ነው። የሥራችን ዓይነት ልብን እንደሚነካ መጠርጠር የተጀመረውም ዛሬ አይደለም። ጄሪ ሞሪስ የተባለ ብሪታኒያዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሰዎችን አጠኑ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። አውቶቡሱም መንገዱም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የታተመው ውጤት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) የልብ ሕመም ሾፌሮቹን ከትኬት ቆራጮቹ ይበልጥ እንደሚያጠቃ አሳየ። ከፖስታ ቤት ሠራተኞችም ተመሳሳይ ነገር ተገኘ። ደብዳቤ እየዞሩ የሚያድሉት ወንበር ላይ ከሚውሉት የተሻለ ልብ ነበራቸው።

እዚህ ላይ ተጠራጣሪ አንባቢ አንድ ጥያቄ ማንሳት አለበት። ሾፌር ለመሆን የመጡት ሰዎች ከመጀመሪያው የተለዩ ቢሆኑስ? ሞሪስም አላለፈውም። የአውቶቡስ ድርጅቱ የደንብ ልብስ ያድል ስለነበር የሱሪዎቹን ልክ መዝገብ አገላብጦ በ1956 አሳተመ። የሾፌሮቹ ወገብ ከትኬት ቆራጮቹ ይሰፋ ነበር። ያወፈራቸው ወንበሩ ነው ወይስ ወፍራሞቹ ናቸው ወንበሩን የመረጡት? ይህን ጥያቄ ያዙት፤ ከስልሳ ዓመት በኋላ ዌልነስ ፕሮግራሞችን ጉድ ያፈላው እሱ ነው።

በፊት ግን መጠኑን እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ። በዚያ ላይ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይጨመራል። «መካከለኛ» የሚለውን ለመለየት ሰዓት ማሰር አያስፈልግም። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት፣ እዚያ ነዎት።

በ2010 የወጣው የድርጅቱ መመሪያ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መቆየት አለበት ይል ነበር። አዲሱ ይህን አንስቶታል። ለቢሮ ሰው ትልቁ የምሥራች ይህ ይመስለኛል። ሦስት ፎቅ ደረጃ መውጣት ይቆጠራል። ከመኪና ማቆሚያው ቶሎ ቶሎ መራመድ ይቆጠራል። «ጂም ለመሄድ ጊዜ የለኝም» የሚለው ሰበብ በከፊል ወድቋል ማለት ነው።

መቀመጡስ? በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑ ሰዎችን መረጃ ሰብስቦ አየ። በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቀመጥ ያለ ዕድሜ የመሞት አደጋን ይጨምራል። በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚያደርጉት ላይ ግን ይህ ጭማሪ አልታየም። ያን ያህል ደቂቃ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ከዚያ ያነሰውም ግን አደጋውን ይቀንሳል። ቆመው የሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ ብዙ ተስፋ የጣላችሁ ካላችሁ አዝናለሁ። ዝም ብሎ መቆም ከመቀመጥ ብዙም የተለየ ጉልበት አያስወጣም። ቀኑን ሙሉ መቆም ደግሞ ለወገብና ለእግር ደም ሥር የራሱ ጣጣ አለው። ጥቅሙ መቀያየሩ ላይ ነው።

ስለ እርምጃ ውድድሩም አንድ ነገር ልበል። ሁሉም የሚሮጥላት 10,000 እርምጃ ከላቦራቶሪ አልወጣችም። በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ መሣሪያ ጋር የተዋወቀች ቁጥር ናት። በ2019 በአሜሪካ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ያነሰ ሞት አለባቸው። ጥቅሙም 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን ያቆማል። ለወጣቶች ቁጥሩ ሊለይ ይችላል። ሆኖም በቀን 3,000 የሚራመደውን ሰው በ10,000 ማስፈራራት ተስፋ ከማስቆረጥ ሌላ ፋይዳ የለውም። 3,000ውን 5,000 ቢያደርግ ብዙ አተረፈ።

ታዲያ እነዚህ ፕሮግራሞች ይሠራሉ? በ2010 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ለዌልነስ የወጣ እያንዳንዱ ዶላር 3.27 ዶላር ገደማ የሕክምና ወጪ ያድናል የሚል ግምት ሰጠ። ቁጥሯ በየስብሰባው፣ በየማስታወቂያው ተጠቀሰች። የትኛው አለቃ ነው አንድ ከፍሎ ሦስት መቀበል የማይወድ?

ከዚያ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መጣ። ፕሮግራሙ በ2016 ሲጀመር ተመራማሪዎቹ 5,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኞች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ተጋበዘ። ምርመራ፣ የጤና መጠይቅና የተለያዩ እንቅስቃሴዎች ቀረቡለት፤ ለሚሳተፍበትም ገንዘብና ከሥራ የሚፈቀድ ሰዓት ተሰጠው። ሌላው ቡድን አልተጋበዘም። ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለቱ ሲወዳደሩ በሕክምና ወጪም ሆነ ወደ ጂም በመሄድ የጎላ ልዩነት አልታየም። ምርመራ የሚያደርገው ሰው ጨምሯል። «አሠሪዬ ለጤናዬ ያስባል» የሚለውም እንዲሁ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ነው ብልኅነቱ። ከተጋበዙት መካከል የተሳተፉትን ካልተሳተፉት ጋር አወዳደሩ፤ የቀድሞዎቹ ብዙ ጥናቶች የሚያደርጉት ይህንን ነበርና። በዚህ መንገድ ሲታይ ፕሮግራሙ ተአምር ሠሪ መሰለ። ተሳታፊዎቹ ጂም ያዘወትራሉ፤ የሕክምና ወጪያቸውም ዝቅ ያለ ነው። ግን ከፕሮግራሙ በፊትም እንደዚያው ነበሩ! ፕሮግራሙ ጤነኛ አላደረጋቸውም፤ ጤነኞቹ ናቸው ፕሮግራሙን የመረጡት። የሾፌሮቹ ሱሪ ጥያቄ ተመልሶ መጣ።

በ2019 የታተመ ሌላ ጥናትም አለ። በአንድ ትልቅ የአሜሪካ የጅምላ መደብር 33,000 ገደማ ሠራተኞችን ያካተተ ነው። ፕሮግራሙ በደረሳቸው ቅርንጫፎች ውስጥ «ስፖርት አዘውትሬ እሠራለሁ፣ ክብደቴን እከታተላለሁ» የሚለው ሰው ጨምሯል። ከ18 ወር በኋላ ግን የደም ግፊቱም፣ ኮሌስትሮሉም፣ ከሥራ መቅረቱም፣ ወጪውም አልተለወጠም።

ይህን ያነበበ የፋይናንስ ኃላፊ በጀቱን ሊሰርዝ ይችላል። እኔ ግን ከዚህ የምወስደው ሌላ ነው። ፕሮግራሙ «የፈለገ ይመዝገብ» ከሆነ የሚመዘገበው ጠዋት ጠዋት ሲሮጥ የነበረው ሰው ነው። ምዝገባ የማያስፈልገው፣ በሥራ ቀኑ ውስጥ የተሰፋ እንቅስቃሴ ግን ሌላ ነገር ነው። ጃፓኖች ከ1928 ጀምሮ በሬዲዮ የሚተላለፍ አጭር የሰውነት ማፍታቻ አላቸው። በብዙ ፋብሪካዎችና የግንባታ ቦታዎች ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ቆሞ ይሠራዋል። አለቃውም፣ አዲስ ተቀጣሪውም። ላብ አያወጣም፤ ልብስ አያስቀይርም፤ የሚያልቀውም በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ስፖርተኛውን ብቻ ለይቶ አይጠራም።

በቢሮም እንዲህ ያለው ይቻላል። የአንድ ሰዓት ስብሰባ 50 ደቂቃ ይሁንና ቀሪው 10 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ይቅር። ሁለት ሰው ብቻ የሚያወራበት ስብሰባ እየተራመዱ ይካሄድ። የደረጃው በር አይቆለፍ፤ አምፖሉም ይብራ። (ደረጃው ጨለማ ሆኖ አሳንሰሩ በመስታወት ያጌጠበት ሕንፃ ስለ ጤና ፖስተር ሲለጥፍ ያስቃል።) በብስክሌት ለሚመጣ ማሰሪያ፣ ላብ ላጠለቀው ሻወር ይኑር። ከሁሉም በላይ አለቃው ራሱ በምሳ ሰዓት ወጥቶ ሲራመድ ይታይ። አለቃው ጠረጴዛው ላይ እየበላ ከሆነ የሚነሳ ሰው አይኖርም።

ዕቃ ሲያነሱና ሲያወርዱ ለሚውሉ፣ ለጽዳትና ለመጋዘን ሠራተኞች፣ ነገሩ ይገለበጣል። ለእነሱ «ተንቀሳቀሱ» ማለት ቀልድ ነው። በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ስፖርት ልብን ሲጠቅም፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት የሚሠራ የጉልበት ሥራ ግን ያንኑ ጥቅም እንደማይሰጥ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። አንዱ ምክንያት ሰውነት የሚያገግምበት ጊዜ ማጣቱ ነው። እዚያ ጥሩ ዌልነስ ማለት ዕረፍት፣ የሥራ መለዋወጥና ሸክም የሚያቀል ጋሪ ነው። ሰዓቱም ራሱ ይታይ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 እንዳወጡት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር የስትሮክን አደጋ በ35 በመቶ ይጨምራል። እስከ ማታ እያስመሸ የዮጋ ክፍል የሚከፍት ድርጅት ለይስሙላ ነው የሚሠራው።

የክብደት መቀነስ ውድድርን ግን ፈጽሞ አልወደውም። ሰው ለሽልማት ብሎ ሁለት ወር ይራባል፤ ከዚያ ኪሎው ይመለሳል። ባልደረቦቹ ፊት መመዘኑም ውርደት አለው።

ወደ ፕሮግራሙ ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የደም ግፊቴን፣ የእርምጃዬን፣ የእንቅልፌን መረጃ የሚያየው ማን ነው? አሠሪው ማየት ያለበት የሁሉንም ጥቅል ቁጥር እንጂ የእርስዎን ስም አይደለም። አልሳተፍም ማለት የሚያስቀጣ ከሆነም ያ ጤና ሳይሆን ቁጥጥር ነው።

መሥሪያ ቤትዎ ምንም ከሌለው፣ ቀድሞ የሚረሳው የጡንቻው ሥራ ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ። ወንበርዎ ጎማ ካለው ግድግዳ ያስደግፉት፤ ከዚያ እጅዎን ሳይጠቀሙ 10 ጊዜ ይነሱ፣ ይቀመጡ። ቀጥሎ ግድግዳውን በሁለት እጅ ተደግፈው ፑሽአፕ ይሥሩ። በሳምንት 2 ቀን ይበቃል፤ ሲቀልልዎት ቁጥሩን ይጨምሩ። የልብ ሕመም ካለብዎት ወይም ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን የሚይዝዎት ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።