ምን አግዶህ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ለብርሃናተ ዓለም ጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓለ ዕረፍት አደረሳችሁ። ጾሙን ላስፈጸመን አምላክ ክብር ምስጋና ይሁን።

ሐምሌ 5 ቀን ቅዳሴ ስንወጣ ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ነበር። የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም። አንዲት እናት ከደጀ ሰላሙ ጥግ ቆመው ጠበቁኝ። ጃንጥላቸውን አጥፈው በብብታቸው ይዘውታል፤ ከነጠላቸው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ሰው ግን ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው? አበልጄ ናት፤ ልጇን ክርስትና ያነሣሁላት እኔ ነኝ። ከፋሲካ ወዲህ ፊት ነሣችኝ። ደጃፌን አልፋ ትሄዳለች፣ እንደምን አደርሽ የለ፣ ምን የለ።»

ቆም ብዬ አላሰብኩም። «እናቴ፣ የዘመኑ ነገር ነው። ‹ከዓመፃም ብዛት የተነሣ የብዙ ሰዎች ፍቅር ትቀዘቅዛለች› ተብሎ ተጽፏል» አልኳቸው። አሜን ብለው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ቤት ስመለስ፣ በመስኮቱ የላስቲክ መጋረጃ በኩል ፒያሳን እያየሁ፣ ልቤን አንድ ነገር ወጋኝ። እኔም ፊት የነሣሁት ሰው አለ። አብረን ስናገለግል የኖርን ወንድም ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ በተናገረኝ ቃል ተቀይሜ ከጥምቀት ወዲህ መንገድ ላይ ሳየው አስፋልቱን ተሻግሬ በወዲያኛው ዳር እሄዳለሁ። የራሴን «ነገሩ እስኪበርድ ነው» እያልኩ ስም አውጥቼለታለሁ። ዓይኗን እንኳ አይቼ የማላውቃትን ሴት ግን ፍቅሯ የቀዘቀዘ ናት ብዬ፣ ጥቅስ ጠቅሼ፣ በደጀ ሰላም ፈረድኩባት። ያውም በጴጥሮስ በዓል!

በዓሉን በጴጥሮስ ስም የጠራሁት በከንቱ አይደለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ ያልወጣው ጌታ ለእርሱ የተናገረው አንድ ቃል ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ላይ ታገኙታላችሁ። ጴጥሮስ ዮሐንስን አይቶ «ጌታ ሆይ፥ ይህስ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። ጌታም «እስክመጣ ድረስ ይኖር ዘንድ ብወድስ፥ ምን አግዶህ? አንተ ተከተለኝ» አለው።

ምን አግዶህ! እንደኛ አገር እናት የምትናገር ይመስላል። ግን ቃሉ የተነገረው መቼ እንደሆነ አስተውሉ። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ በማለዳ፣ ፍም ተቀጣጥሎ፣ ዓሣ በላዩ ሆኖ፣ በልተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ጌታ ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው። በሦስተኛው ጴጥሮስ አዘነ። ለምን እንዳዘነ ለመረዳት ወደ ሊቀ ካህናቱ ግቢ መመለስ ያስፈልጋል፤ በዚያች ሌሊትም ብርድ ስለነበር ፍም አንድደው ይሞቁ ነበርና። ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደው በዚያ ፍም ዳር ቆሞ ነው። አሁንም ሦስት ጊዜ የተጠየቀው በፍም ዳር ነው። ጌታችን «ካድከኝ» አላለውም፤ አንድ የወቀሳ ቃል አልወጣውም። ግን ቁስሉ ያለበትን ቦታ በጣቱ ነካው።

ከዚያም ቀጥሎ ከሁሉ የከበደውን ነገረው፦ «በሸመገልህ ጊዜ እጆችህን ትዘረጋለህ፥ ሌላውም ያስታጥቅሃል ወደማትወደውም ይወስድሃል።» የመስቀል ሞቱን ማለቱ ነው። ይህን ሰምቶ ነው እንግዲህ ጴጥሮስ፣ ወንጌሉ እንደሚለው፣ «ዘወር ብሎ» ዮሐንስን ያየው።

ይህች «ዘወር» የምትል ቃል እንቅልፍ ነሥታኛለች። ዘወር ያለው የራሱ ጉዳይ ሲከብድበት ነው። ስለ ራሱ ፍቅር እየተጠየቀ፣ ስለ ራሱ ሞት እየተነገረው፣ ፊቱን ወደ ጎን መለሰና «ይህስ?» አለ። አባቶች ጴጥሮስ ይህን የጠየቀው ከፍቅር ነው ይላሉ፤ ዮሐንስን ስለሚወደው ከዕጣው ተካፋይ እንዲሆን ፈልጎ ነው። እንግዲህ ከፍቅር የወጣ ጥያቄ «ምን አግዶህ» ከተባለ፣ የእኛ ምን ሊባል ነው?

እኛ የምንጠይቀው ከፍቅር አይደለማ። የክረምቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ ቆሎው ይቀርባል፣ ዙሪያውን እንከባለን። እኛም ፍም ዳር ነን። አቦሉ ሳያልቅ የአንዱ ስም ይነሣል፤ ቶናው ላይ ትዳሩ ይፈታል፤ በረካው ሲደርስ የቀረ ሥጋ የለውም። ያውም በጾም! ከሥጋና ከቅቤ ተከልክለን፣ በሰኔ ጾም፣ የሰው ሥጋ በልተን ቁርባን የቀረብን አለን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

በልጅነቴ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ሙስሊም እናት ነበሩ። እንደ ወሎ ልማድ ቡናው የሁላችንም ነው፤ እሳቸውም ከረከቦቱ አይቀሩም። የሰው ስም በክፉ የተነሣ እንደሆነ ስኒያቸውን መሬት ያስቀምጡና «የወንድማችሁን ሥጋ አታብሉኝ» ይሉ ነበር። ወሬው ወዲያው ይቆማል። እኛ በየሳምንቱ ወንጌል የሚነበብልን፣ የጌታን ሥጋና ደም የምንቀበል፣ ስኒያችንን ስለ ማን አስቀምጠን እናውቃለን?

ይህን ስል ሁሉም ጥያቄ ሐሜት ነው ማለቴ አይደለም። ባሏ የሚመታት ሴት «ለምን እንዲህ ይሆናል?» ብላ ስትጠይቅ «ምን አግዶሽ» የሚላት ካለ ወንጌሉን አጣሟል። እርሷን መስማት፣ ከጉዳት ማዳን፣ ካስፈለገም ወደ ሕግ ማድረስ ይገባል። ልጁ ባሕርዩ ተለውጦበት ሌሊት የማይተኛ አባትም እንዲሁ። የወንድምን መከራ አይቶ ትከሻን መነቅነቅ የቃየል ነው፤ «የወንድሜ ጠባቂው እኔ ነኝን?» ያለው እርሱ ነው። ጌታ ጴጥሮስን ከዚያው አፉ «በጎቼን አሰማራ» ብሎታል፤ ስለ ሰው አትጨነቅ አላለውም። የከለከለው ከራሱ ጥያቄ መሸሻ አድርጎ ሌላውን ማየትን ነው።

የበደለ ወንድም ቢኖርስ? ለዚህ ሐምሌ 5 ራሱ መልስ አለው። ጴጥሮስ በኢዮጴ በሰገነት ላይ ራእይ ካየ በኋላ በቆርኔሌዎስ ቤት «እግዚአብሔር ማንንም ሰው ርኵስና የሚያስጸይፍ ነው እንዳልል አሳየኝ» ብሎ መስክሮ ነበር። ያ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ ሰዎች ከያዕቆብ ዘንድ ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ አፈገፈገ። ጳውሎስ ምን አደረገ? ወደ ገላትያ ሰዎች ሲጽፍ «ፊት ለፊት ተቃወምሁት» ይላል። ዞር ብሎ በየቤቱ «አያችሁት ጴጥሮስን» ሲል አልዋለም። ጴጥሮስም አልተቀየመም፤ በሁለተኛ መልእክቱ ላይ «የተወደደው ወንድማችን ጳውሎስ» ብሎ ጠራው። ፊት ለፊት ተወቃቅሰው ፊት ያልተነሣሡ ሁለት ሽማግሎች! አንዱ ራሱን ወደ ታች ተሰቀለ፣ አንዱ በሰይፍ ተቀላ፤ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን ታከብራቸዋለች።

እዚህ ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ቆሞ ይታያል። ስሙ አይጠየፍ ነው። በአጠገቡ ስንት ጊዜ አልፈናል! የጴጥሮስን ቃል የከተማችን ሕንፃ በስሙ ይሰብክልናል፣ እኛ ግን በአንድ ማኅበር ጽዋ ስንጠጣ እንኳ ከማን አጠገብ እንደምንቀመጥ እንመርጣለን።

የሚያሳዝነኝ ይህ ሌላውን የማየት ልማድ ንስሐችን ውስጥ ሳይቀር መግባቱ ነው። ከንስሐ አባቱ ፊት ተንበርክኮ የሌላ ሰው ኃጢአት የሚናዘዝ ስንት አለ! ባሌ እንዲህ ነው፣ አማቴ እንዲህ ናት፣ የመሥሪያ ቤት አለቃዬ እንዲህ አደረገኝ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። በአንድ ወቅት ለንስሐ አባቴ ብዙ ከተናገርኩ በኋላ ዝም ብለው ቆዩና «የእሱን ሰማሁ ልጄ። ያንተን መቼ ነው የምትነግረኝ?» አሉኝ። የምናገረው ጠፋኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አውርቼ ስለ ራሴ አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር። በፌስቡክና በቲክቶክ የካህናትን ኃጢአት በስም እየዘረዘራችሁ የምትውሉ ወንድሞቼ፣ እስኪ ንገሩኝ፣ ራሳችሁ ንስሐ አባት አላችሁ? የመጨረሻ ንስሐችሁ መቼ ነበር?

ሰኔ 24 ቀን ያከበርነው ሙሴ ጸሊም ይህን ያውቅ ነበር። ቀድሞ ሽፍታ፣ የወንበዴዎች አለቃ ነበር፤ በገዳመ አስቄጥስ መነኮሰ። አንድ ወንድም በደለና መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። ሙሴን ጠሩት፤ እምቢ አለ። እንደገና ሲልኩበት አሮጌ ቀዳዳ ቅርጫት በአሸዋ ሞልቶ፣ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አሸዋው በመንገዱ ሁሉ ይፈሳል። «አባ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉት። «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል፤ እኔ ግን አላየውም። ዛሬ በወንድሜ ልፈርድ መጣሁ» አላቸው። ያን ወንድም ሳይናገሩት ይቅር አሉት።

አሸዋው በጀርባው መሆኑን ልብ በሉ። ዘወር ማለታችን ካልቀረ ዘወር ብለን የምናየው ይህን ነው፤ በመጣንበት መንገድ የፈሰሰውን የራሳችንን አሸዋ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ከአባታችን ሆይ ጋር ይህን ጸልዩ፦ «አቤቱ፥ መርምረኝ ልቤንም እወቅ፤ ፍተነኝ መንገዴንም እወቅ።» ከዚያም የዕለቱን ሰዎች አንድ በአንድ አስታውሱ። ዛሬ ማን አናደደኝ ብላችሁ ጀምሩ፤ ግን እዚያ አትቁሙ። ከመናደዴ በፊት እግዚአብሔር ስለ ምን እየጠየቀኝ ነበር? ፊቴን ወደዚያ ሰው ያዞርኩት ከምን ሸሽቼ ነው? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ያማል። የሐረጎን ቁልቁለት በሐምሌ ጉም ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሾፌር ከፊቱ ያለችውን ጥቂት ሜትር ብቻ እያየ ነው የሚወርደው፤ እናንተም የታያችሁን ያህል ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። የቀረውን እግዚአብሔር ያበራል።

አንዳንዳችሁ ደግሞ ይህን ስታነቡ በራሳችሁ ላይ ትጨክናላችሁ። አውቃችኋለሁ፤ ራሳችሁን ስትመረምሩ ከመፍረድ በቀር የማታውቁ ናችሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ሌላ «ዘወር» አለ። ጴጥሮስ በዚያች ሌሊት ሦስተኛ ጊዜ ሲክድ ዶሮ ጮኸ፤ ያን ጊዜ «ጌታም ዘወር ብሎ ጴጥሮስን ተመለከተው» ይላል ሉቃስ። እጁ ታስሮ፣ ሊፈረድበት ቆሞ፣ ሊተፋበት ጥቂት ሲቀረው፣ በራሱ መከራ መካከል፣ ዘወር ብሎ የካደውን ወዳጁን አየው። ጴጥሮስ መከራው ሲነገረው ዘወር ያለው ስለ ሌላው ሊጠይቅ ነው፤ ጌታ በመከራው ውስጥ ዘወር ያለው ወዳጁ እንዳይጠፋበት ነው። ጴጥሮስም ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ። ይሁዳም ተጸጽቶ ነበር፣ «በድያለሁ» ብሎ ነበር፤ ግን ወደዚያ ዓይን አልተመለሰም። ልጆቼ፣ ራሳችሁን ስትመረምሩ ብቻችሁን በጨለማ አትመርምሩ። እያያችሁ ያለ አለ።

በማግሥቱ ወደ እኚያ እናት ቤት ሄድኩ። «ትናንት ሳልሰማዎት ነው የመለስኩልዎት፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ደነገጡ። ከፋሲካ በፊት ምን ተፈጥሮ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ብዙ ዝም አሉ፤ የነጠላቸውን ጥለት ይዘው ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል። «እናቷ ሞተው ነበር፣ በሁዳዴ» አሉኝ በመጨረሻ። «እግሬን ታምሜ ለቅሶ አልደረስኩም። ሰውም አልላክሁ። ኋላ ደግሞ አፈርኩና… ዛሬ ነገ ስል ቀረ።» ከዚያም ቀና ብለው «አሁን ብሄድ ታስገባኝ ይሆን?» አሉኝ።

«ይሂዱ» አልኳቸው። «እኔም የምሄድበት ቤት አለኝ።»

እሳቸው ሄደዋል። እኔ ይህን ስጽፍ ገና አልሄድኩም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ አስፋልቱን ሳልሻገር እንድጠብቀው በጸሎታችሁ አስቡኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።