በአብነት ትምህርት ቤት የደቀ መዝሙር ኑሮ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ባህላዊ ትምህርት ቤት፣ በአብነቱ፣ ደቀ መዝሙር የሚወጣው ከመምህሩ ደጅ ውሎ አድሮ ነው። ክፍያ የለም፤ የመጨረሻው ቀንም አይቆረጥም። ተማሪው ወላጆቹ መጥተው እንዳይመልሱት ብዙ ጊዜ ራቅ ወዳለ ደብር ይሄዳል። የኔታ ሲቀበሉት ከነባር ተማሪዎች ጎጆ ይጠጋል፤ አለዚያም እንጨት ቆርጦ፣ ጭቃ አቡክቶ፣ ሣር ከድኖ የራሱን ይቀልሳል።

ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ (የለመነውን የሚይዝበት) አንግቶ፣ ለውሻ ዘንግ ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» (ስለ ማርያም ስም) እያለ ይለምናል። የለመነውን ለብቻው አይበላም፤ ከጎጆ ጓደኞቹ ጋር ያቀላቅላል፣ ለታመመው ድርሻ ያስቀምጣል። ደብቆ የሚበላ ቶሎ ይታወቃል። የተረፈው እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል፤ በቅጡ ሳይደርቅ ከተከማቸ ይሻግታል። መንደሩንም ይከፋፈሉታል፤ ሁሉም አንድ ሰፈር ከወረደ ሰጪው ይሰለቻል። ክፉው ጊዜ ክረምት ነው፤ የገበሬው ጎተራ ይራቆታል፣ ወንዙም ይሞላል።

ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ የየኔታን ማሳ ማረም ከትምህርቱ ተለይቶ አይታይም። ቅኔ የሚማረው ጎልማሳ ፊደል ለሚቆጥረው ልጅ ያስጠናል፤ ዳዊት የደገመው መልእክተ ዮሐንስ ላይ ያለውን ያርማል። ሌሊት መብራት ሳይኖር የቃል ትምህርት ይከለሳል። ጾሙም፣ ማኅሌቱም፣ ቅዳሴውም የጋራ ስለሆነ ምግባር ለብቻው ሰዓት አይመደብለትም።

ቅኔ ቤት ይህ አኗኗር ጎልቶ የሚታይበት ነው። ተማሪው ከዛፍ ጥላ ወይም ከመቃብር ቦታ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለት በልቡ ያዘጋጃል፤ ኋላ በጓደኞቹ መካከል ለመምህሩ ይነግራል። ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ቀስ በቀስ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ዜማው ከጎደለ፣ ቤቱ ካልመታ ወይም ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ መምህሩ እዚያው ያቃኑታል። ሊቅ ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ትዕቢቱ የሚሰበረው እዚህ ነው፤ ትንሽ ልጅ የተሻለ ሲነግር ዝም ብሎ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ለዜማ ትምህርቶቹ፣ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለአቋቋም (ለማኅሌት ሥርዓት) ጎንደር መሄድ የታወቀ መንገድ ነው።

ችግሩ ቀላል አይደለም። በጠባብ ጎጆ መተፋፈግ እከክና ቅማል ያመጣል፤ ቅማሉ ደግሞ ተስቦ ያዛምታል። ልብስን በፈላ ውኃ መቀቀል ያድናል፤ ማገዶውና ቅያሪ ልብሱ ግን አይገኝም። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ከወሰደ ወዲህ መምህራኑም መተዳደሪያቸው ሳስቷል። ዛሬ በአንዳንድ ጉባኤ ቤቶች (የአብነት ትምህርት ቤቶች) ማደሪያና ቀለብ ይዘጋጃል። ይህ የሚደገፍ ነው፤ ልመናው ራሱ ቅድስና አይደለምና። ነገር ግን ምግቡ በቅጥር ሠራተኛ ተበስሎ ሲቀርብ ተማሪው የሚያገለግለውም የሚያካፍለውም ያጣል። ስለዚህ ማብሰሉን፣ ውኃ መቅዳቱንና በሽተኛ ማስታመሙን በተራ ለተማሪዎቹ መተው ይሻላል።