ደገዛ፦ የወሎ ክንፈ አጭር ፌንጣ

ደገዛ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ በደጋና በወይና ደጋ ማሳዎች የጤፍን እሸት በመብላት የታወቀ ፌንጣ መሰል ነፍሳት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዴክቲኮይዴስ ብሬቪፔኒስ ይባላል። በውጭ የሰብል ጥበቃ ጽሑፎች የሚታወቀው ግን ከወሎ ጋር በተያያዘ ስሙ ነው። ከወሎ ውጭ በሌሎች የሰሜንና የመካከል ኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎችም ይታያል፤ በዚህ ምክንያት ስሙ ለአንድ አካባቢ መሰጠቱ ተገቢ አይደለም የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። ነፍሳቱ በሰብል ጥበቃ ጽሑፎች የታወቀው በወሎ ስም በመሆኑ ግን ክርክሩ ብዙም የሚያራምድ አይደለም።

በስሙ ዙሪያ አንድ መደናገር ይታያል። ደገዛ አንዴ አንበጣ፣ አንዴ ተምች ይባላል፤ ሁለቱንም አይደለም። ተምች የእሳት ራት ትል ነው። አንበጣ ደግሞ አጭር አንቴና ያለው፣ መንጋ ሠርቶ አገር አቋርጦ የሚበር ነው። ደገዛ ቴቲጎኒዴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል። ይህ ቤተሰብ በዓለም ዙሪያ ከ7,000 በላይ የታወቁ ዝርያዎች አሉት፤ መለያቸውም እንደ ክር የቀጠነውና ከሰውነታቸው የሚረዝመው አንቴናቸው ነው። ከአንበጣ ይልቅ ሌሊቱን ሲጮሁ ለሚያድሩት ነፍሳት የቀረበ ዘመድ ነው።

ደገዛን በእጅ ይዞ የሚመረምር ሰው ሁለት ነገር ያስገርመዋል። የመጀመሪያው ጆሮው ነው፤ ያለው ጭንቅላቱ ላይ ሳይሆን የፊት እግሮቹ ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ነው። ሁለተኛው አጫጭር ክንፎቹ ናቸው። ለበረራ አይበቁም። ሆኖም የዚህ ቤተሰብ ወንዶች የግራውን ክንፍ በቀኙ ላይ ጭነው በማፋተግ ድምፅ ስለሚያወጡ፣ የማያበርር ክንፍም ሴቷን ለመጥራት ያገለግላል። ሴቷን ለመለየት ከኋላዋ የተዘረጋውን ጎራዴ መሰል የእንቁላል መጣያ ማየት ይበቃል። በእርሱ አፈሩን ወግታ እንቁላሏን ትቀብራለች። አንዳንዱ ገበሬ መናደፊያ ነው ብሎ ይሸሸዋል እንጂ አይናደፍም። የሚጎዳው መንጋጋው ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ የያዘውን እጅ ይነክሳል።

ነፍሳቱ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው።  ስሙን ያወጣለት ዴቪድ ራግ ነው። ራግ በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል ባልደረባ ሲሆን በፌንጣዎችና በድምፃቸው ጥናት ስመ ጥር ነበር። አዲስ ዝርያ መሰየም እንዲያው ስም መለጠፍ አይደለም። ሰያሚው አንድ ናሙና ለይቶ የዝርያው ቋሚ መመሳከሪያ ያደርገዋል፣ ሙሉ መግለጫ ጽፎ ያሳትማል፣ ከቅርብ ዘመዶቹ በምን እንደሚለይም ያስረዳል። ፌንጣ መሰል ነፍሳትን ለመለየት ከሚያገለግሉት ዋና ምልክቶች መካከል የወንዱ የጅራት ጫፍ ቅርጽ፣ የክንፍ መጠንና የድምፅ ማውጫው ጥርስ አደራደር ይገኙበታል።

ራግ አዲስ ዝርያ ብቻ አልሰየመም፤ አዲስ ወገንም (ተቀራራቢ ዝርያዎች በአንድነት የሚመደቡበትን ክፍል) ከፍቷል። ከቀድሞዎቹ ወገኖች በአንዱም ሊያስገባው አልቻለምና። በመልክ የሚቀርበው ዴክቲከስ ለሚባለው ወገን ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ከሰየማቸው መካከል የሆነው የዚህ ወገን ዝርያ «ኪንታሮት በሊታ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም አለው፤ የስዊድን ገበሬዎች በቆዳቸው ላይ የወጣውን ኪንታሮት እንዲነክስላቸው ይጠቀሙበት ነበርና። ደገዛ ለእንዲህ ያለ ሕክምና አገልግሎ እንደሆነ አይነገርለትም፤ ሥራው ጤፍ ላይ ነው።

የሕይወቱ ዑደት ከአየር ጠባዩ ጋር የተሳሰረ ነው። በጋውን በእንቁላልነት አፈር ውስጥ ያሳልፋል፣ ዝናብ ሲመጣ ይፈለፈላል። ኩብኩባው መጀመሪያ ሣርና አረም እየበላ፣ ቆዳውን እየቀየረ ያድጋል። ክረምቱ ሲወጣ ለአቅመ ማራባት ይደርሳል፤ ጤፉም ዘለላ የሚያወጣው በዚያው ሰሞን ነው። በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ይወጣል።

የጉዳቱ ክብደት የመጣው ከዚህ መገጣጠም ነው። ደገዛው አገዳው ላይ ወጥቶ ዘለላውን በፊት እግሮቹ ሰብስቦ ይይዛል፤ ገና ወተት የቋጠረውን እሸት ያኝካል። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ለመጥገብ የሚያጠፋው ፍሬ ብዙ ነው። ከሚበላው በተጨማሪ ቆርጦ መሬት የሚጥለውም አለ። ሌሎች የብርዕ ሰብሎችንም ያጠቃል። ጤፍ በኢትዮጵያ ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ላይ የሚዘራ ሰብል በመሆኑ፣ በጤፍ ጥናት ስሟ የገነነው ደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) የዝርያ ማሻሻያውን ያህል ለተባዩም ልብ ብትሰጥ መልካም ነበር።

በዚህ ጸሐፊ ግምት ደገዛ ትኩረት ያጣው ባለመብረሩ ነው። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የበረሃ አንበጣ ራያንና ቆቦን በወረረ ጊዜ የመገናኛ ብዙኃን ዐይን ሁሉ እዚያው ነበር። አንበጣ ድንበር ስለሚሻገር፣ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችን ያስተባበረ ድርጅት አለው። ደገዛ ግን እዚያው ተፈልፍሎ፣ እዚያው በልቶ፣ እዚያው እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። ጉዳቱ ከቀበሌ አያልፍም፤ ዜናውም እንዲሁ።

መከላከሉም ከዚሁ ጠባዩ ይነሣል። ስለማይበር በኩብኩባነቱ በማሳው ዳርና በአካባቢው ሣር ላይ እያለ ቢደረስበት ይቀላል። በጥቅምት፣ ዘለላው ላይ ከወጣ በኋላ ኬሚካል መርጨት ግን ብዙ መዘዝ አለው፦ የማጨጃው ጊዜ የቀረበ በመሆኑ መድኃኒቱ በፍሬውና በጭዱ ላይ ሊቀር ይችላል፣ የጤፍ ጭድ ደግሞ የከብት ቀለብ ነው።