የታዳጊዎች ስፖርት ውድድርና የሕይወት ክህሎት በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ ልጅን በፉክክር ማነጽ ዘመናዊ ስፖርት ከመግባቱ በፊት የነበረ ልማድ ነው። ግንባር ቀደሙ የገና ጨዋታ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን ወጣቶች ሜዳ ይወጣሉ፤ ሁለት መሪዎች ተጫዋቾቻቸውን ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ከዚያም ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩሯን (ኳሷን) እየለጉ ወደ ተጋጣሚ ወሰን ይገፋሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢያገኘው ቂም አይያዝበትም። ልጁ ሲመረጥም ሳይመረጥም ራሱን መግዛትን የሚለማመደው እዚያው ነው።

የዚህ ሜዳ ትልቁ ፍሬ ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የተወለደባት ጃቶ በያኔው አከላለል የሰላሌ እንደነበረች ይነገራል፤ የመንዲዳ አካባቢ ሰዎች ግን የእኛ ልጅ ነው ይላሉ፣ እውነትም አላቸው። በልጅነቱ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር፤ አንዳንዴ የሁለቱ ወሰን ርቀት በኪሎ ሜትር ይቆጠር ነበርና ሩጫው ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2፡15፡16 አሸነፈ፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ደገመው። እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ሳለ በዓመቱ እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ላይ በቀስት ተወዳደረ። ስለ ጽናት ለታዳጊ የሚነገር ከዚህ የበለጠ ታሪክ አይገኝም።

በደርግ ዘመን የቀበሌና የትምህርት ቤት ቡድኖች ነበሩ።

ዛሬ ሥራው በአብዛኛው በታዳጊዎች ፕሮጀክትና ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል በሚያድገው የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳር ውርጭ ልጆች ትንፋሻቸው እየጨሰ፣ ሣሩ ነጭ እንደለበሰ ይለማመዳሉ። ሰዓት ማክበርን የሚማሩት ከዚህ ነው። ማሊያ አጥቦ መመለስ፣ ቅያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለጓደኛ ማጨብጨብ፣ ዳኛው ሲሳሳት አምበሉ ብቻ እንዲናገር መተው እንዲሁ። ይሁን እንጂ ውድድር በራሱ ጠባይ አያርቅም፤ አሰልጣኙ ከጨዋታው በኋላ ልጆቹን ሣር ላይ አስቀምጦ «ምን አየህ? ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ዕድሜ ቀንሶ ልጅ የሚያሰልፍ አሰልጣኝ በበኩሉ የሚያስተምረው መዋሸትን ነው።

ሴት ልጆች ከልምምድ በብዛት የሚቀሩት የውኃና የምጣድ ሥራ ሲበዛባቸው ነው። ብርቱ አሰልጣኞች ቤት ድረስ ሄደው ከእናት ጋር ቡና ጠጥተው የልምምዱን ሰዓት ያስማማሉ።