«ያድጋል፣ ይረሳዋል»፦ ስለ ልጅነት መከራና ስለ ዕድሜ ልክ ጤና የምንሳሳትባቸው ነገሮች

በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶ ወይም በቦሌ አራብሳ ብዙ ወላጅ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ይጠብቃል፤ ሲመለስ ልጁ ተኝቷል። ስለ ልጆች ቡና ላይ የሚነገሩ አባባሎችም የደከመ ወላጅ የሚጽናናባቸው ናቸው። ከልብ ይነገራሉ፤ ግን ብዙዎቹ ልክ አይደሉም።

«ልጅ ምን ያውቃል፤ ያድግና ይረሳዋል»

ትዝታው ሊጠፋ ይችላል፤ ሰውነት የለመደው ግን በቀላሉ አይጠፋም። አባት ጠጥቶ እያመሸ የሚደባደብበት ቤት አለ እንበል። የአራት ዓመቱ ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተኝቶ ኮቴ ይሰማል። የማን እርምጃ እንደሆነ ገና ከታች ደረጃው ሲጀመር ለይቶታል። በሩ ሳይከፈት ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። የጭንቀት ሆርሞኖች የሆኑት አድሬናሊን በሰከንዶች ውስጥ፣ ኮርቲሶል ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ውስጥ ይገባሉ፤ የደም ግፊቱን ከፍ ያደርጋሉ፣ ጉበት ያከማቸውን ስኳር እንዲለቅ ያዝዛሉ። ይህ ሁሉ ለመሸሽ ወይም ለመታገል የሚደረግ ዝግጅት ነው። ልጁ ግን አይሸሽም፣ አይታገልም፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኖ ያዳምጣል።

አንድ ምሽት ቢሆን ሰውነቱ ወደ ቦታው ይመለስ ነበር። ጤነኛ ሰው ላይ ኮርቲሶል ጠዋት ከእንቅልፍ በተነሳ በግማሽ ሰዓት ገደማ ከፍ ይልና እኩለ ሌሊት ላይ ዝቅ ይላል። ፍርሃቱ በየምሽቱ ሲደጋገም ይህ ዑደት ይዛባል፤ እንቅልፍ ይሰባበራል፣ የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱም ስውር ብግነት፣ ማለትም የማይታይ የሰውነት መቆጣት ውስጥ ይቆያል። ብሩስ ማክዩዌን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ከባልደረባው ጋር «አሎስታቲክ ሎድ» ብሎ የጠራው ይህንኑ እያደር የሚጠራቀም የሰውነት መድከም ነው። ከዓመታት በኋላ ደም ብዛት፣ ስኳርና የልብ ሕመም በዚህ መንገድ ሊመጡ ይችላሉ።

ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት የአሜሪካ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። አዋቂዎች ከ18 ዓመታቸው በፊት ስለ ደረሰባቸው ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ ስለ እናታቸው መደብደብ፣ በቤት ውስጥ ስለ ነበረ የመጠጥ ሱስና ስለ መሳሰሉት ተጠየቁ። ከተዘረዘሩት መከራዎች አራትና ከዚያ በላይ ያሳለፉት ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ፣ ለመጠጥ ሱስ፣ ለድባቴና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ደግሞ ከአራት እስከ አሥራ ሁለት እጥፍ ነበር። ከተጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የጤና መድን ያላቸው መካከለኛ ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «ይህ የድሃ ጣጣ ነው» ማለትም አያስኬድም።

«እኛስ ተገርፈን አይደል ያደግነው?»

ጫና ሁሉ አንድ አይደለም። ክትባት፣ ፈተና፣ የመዋዕለ ሕፃናት የመጀመሪያ ቀን ያስጨንቃሉ፤ ቶሎ ያልፋሉ፣ ልጁንም ያስተምሩታል። የአያት ሞት ወይም ከቤት መፈናቀል ከበድ ይላል፤ ያም ሆኖ አቅፎ የሚያጽናና አዋቂ ካለ ይድናል። ጎጂው ሳያቋርጥ የሚቀጥልና ከለላ የሌለው ጫና ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አስፈሪው ሰው ራሱ ልጁ መሸሸጊያ የሚያደርገው ሰው ሲሆን ነው፤ የወላጅ ቀበቶ የሚጎዳው በዚህ ነው። «ተገርፈን ሰው ሆነናል» የሚለው ክርክር የሚቆጥረው ሰው የሆኑትን ብቻ ነው፤ ከቤት የጠፉትን፣ በመጠጥ የቀሩትን አይቆጥርም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም በትምህርት ቤትና ሕፃናት በሚያድጉባቸው ተቋማት አካላዊ ቅጣትን ከልክሏል።

በዱላ ፋንታ ምን ይደረግ? ደንቡ አስቀድሞ ባጭሩ ይነገረው። «አትሩጥ» ከማለት «ቀስ ብለህ ሂድ» ማለት ይሻላል፤ ትንሽ ልጅ የሚፈጽመው የተነገረውን ድርጊት ነውና። ቅጣቱ ትንሽ፣ ወዲያው የሚፈጸምና ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ ይሁን፤ ውሃ ያፈሰሰ ራሱ ይወልውል። ብዙ ቤት የሚበላሸው «አባትህ ማታ ይምጣ!» ሲባል ነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ በፍርሃት ይውላል፣ ማታ ሲቀጣ ደግሞ በምን እንደተቀጣ ረስቶታል።

«አንዳንዱ ልጅ ሲፈጠር ጠንካራ ነው»

ተፈጥሮ ድርሻ አላት፤ ነገር ግን ጥንካሬ በአብዛኛው ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት ውስጥ የሚሠራ ነው። ኤሚ ወርነር በሃዋይዋ ካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ተከታትላለች። በድህነት፣ በወላጅ ሱስና በጠብ ውስጥ ካደጉት መካከል ሲሶ ያህሉ ብቁና አሳቢ ጎልማሶች ሆኑ። ብዙዎቹ ቢያንስ ከአንድ የማይለወጥ አዋቂ ጋር የጠበቀ ትስስር ነበራቸው፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ አያት፣ ዘመድ ወይም አስተማሪ ነበር።

ከመሃል ከተማ ወደ ዳር ኮንዶሚኒየም የተዛወረ ቤተሰብ ያጣው አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ አያትም የድሮ ጎረቤትም እዚያው ቀርተዋል። «ጎረቤት ሁሉ ያየዋል» ማለት ደግሞ ማንም አያየውም ማለት ይሆናል። አንድ ሰው ለይቶ መምረጥ ይሻላል፤ የታችኛው ፎቅ እማማ ወይም አክስቱ፣ በታወቀ ቀንና ሰዓት። ወላጅ ከሥራ ሲገባ ስልኩን አስቀምጦ አሥራ አምስት ደቂቃ ልጁ በመረጠው ጨዋታ ቢቀመጥ፣ ቀኑን ሙሉ እየተቆጣ አጠገቡ ከመዋል ይበልጣል።

የቤት ሠራተኛ ስትቀየርም እንጠንቀቅ። ልጁ ከእንቅልፉ ሲነቃ የለችም፤ የት ሄደች ሲል «ትመጣለች» ይባላል። ለሁለት ዓመት ልጅ ይህ ኀዘን ነው። አስቀድሞ ይነገረው፣ ይሰናበታት፣ የምትተካዋም ከተቻለ ለጥቂት ቀናት አብራት ትቆይ። ሩማንያ ውስጥ በማሳደጊያ ይኖሩ የነበሩ 136 ሕፃናትን የተከታተለው የቡካሬስት ጥናት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ቤተሰብ የገቡት ዘግይተው ከገቡት በተሻለ አዋቂን ማመን እንደ ተማሩ አሳይቷል።

«ዋናው ሆዱ መጥገቡ ነው»

ምግብማ ያስፈልጋል። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ግን ብቻውን አይበቃም። በጃማይካ ኪንግስተን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀነጨሩ 129 ሕፃናት በአራት ቡድን ተከፈሉ፤ አንዱ ተጨማሪ ወተት፣ አንዱ የጨዋታ ድጋፍ፣ አንዱ ሁለቱንም አገኘ፣ አንዱ ምንም አላገኘም። የጨዋታው ድጋፍ የጤና ረዳት በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ቤት እየመጣች እናቲቱን ከልጇ ጋር መጫወት የምታሳይበት ሲሆን ሁለት ዓመት ቆየ። ከሃያ ዓመት በኋላ የጨዋታ ድጋፍ ያገኙት ካላገኙት 25 በመቶ ያህል የበለጠ ገቢ ነበራቸው፤ ድባቴና ጭንቀታቸውም ያነሰ ነበር። የወተቱ ጥቅም ግን ብቻውን አልዘለቀም።

መጫወቻው የተገዛ አልነበረም፤ እዚያው የተሠራ ነው። እኛም ቤት የውሃ ፕላስቲክ፣ ክዳን፣ ባዶ ካርቶን አለ። ክዳኖቹን ካርቶን ውስጥ እንዲከት ይሰጠው፣ «ቀይ! አንድ፣ ሁለት» ይባል፣ እሱ ድምፅ ሲያሰማ መልስ ይሰጠው። ቁልፉ መመላለሱ ነው፤ ሳይመልሱ ብዙ ማውራት ወይም ቴሌቪዥን ከፍቶ ማስቀመጥ አይተካውም። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ክዳኖቹ ጉሮሮው ውስጥ የማይገቡ ትልልቅ ይሁኑ።

«ይህን ሁሉ ያሳለፈ ሰው አበቃለት»

አይደለም። የፌሊቲና የአንዳ ጥናት ቁጥር የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ የአንድን ሰው ዕጣ አይነግርም። የልጅነት መከራን መለኪያ ከሠሩት አንዱ የሆነው አንዳ ራሱ በ2020 እ.ኤ.አ. ለግለሰብ መመዘኛ እንዳይውል አስጠንቅቋል።

«ሁሉን ማስለፍለፍ ያድነዋል»

«ሆድ ይፍጀው» ማለት እንደሚጎዳ ሁሉ፣ የደረሰበትን ወዲያው በዝርዝር እንዲተርክ ማስገደድም አይረዳም፤ አንዳንዴም ያባብሳል። መጀመሪያ ደኅንነት፣ እንቅልፍና የተለመደው የቀን ውሎ ይመለሱለት። ሲናገር ያዳምጡት፤ ዝም ሲል ይተዉት። ከአንድ ወር በላይ ቅዠት፣ ድንጋጤ ወይም አልጋ ላይ መሽናት ከቀጠለ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

«እኔማ ሃምሳ አልፎኛል፣ አሁን ምን ይረባኛል?»

ኤሊሳ ኤፔልና ኤልዛቤት ብላክበርን እ.ኤ.አ. በ2004 ሕመምተኛ ልጅ የሚያስታምሙ እናቶችን መርምረው ከፍተኛ ጭንቀት የሚሰማቸው ሴቶች ቴሎሜር፣ ማለትም የዘር መረጃ የሚሸከመው የክሮሞዞም ጫፍ መከላከያ፣ በዕድሜም እያጠረ የሚሄደው፣ አጥሮ አገኙት። ግኝቱ ሁለቱ አብረው መታየታቸውን እንጂ የማይቀር ዕጣን አያሳይም። ጉዳቱን ወደ ልብና ወደ ደም ሥር የሚያደርሱት ብዙዎቹ መንገዶች፣ ሲጋራ፣ ጫት፣ አረቄ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ያልታከመ ደም ብዛት፣ በሃምሳም በስድሳም ሊቋረጡ ይችላሉ።

የደም ግፊትዎን በዓመት አንዴ ይለኩ። ከመለካትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ ሲጋራም አያጭሱ፤ ሽንትዎን ይሽኑ፣ አምስት ደቂቃ ጀርባዎን ደግፈው ይቀመጡ፣ እግር አያነባብሩ፣ ክንድዎ በልብዎ ትክክል ይሁን። ከአውቶቡስ ወርዶ ዳገት ወጥቶ ወዲያው የተለካ ቁጥር ያሳስታል። በተለያዩ ቀናት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ያስፈልጋል። የጨጓራ ሕመም ካለብዎትና የባክቴሪያ ምርመራው ነጻ ሆኖ፣ መድኃኒትም በተደጋጋሚ ታዞልዎት ሕመሙ ካልለቀቀ ደግሞ ለሐኪሙ «ልጅነቴ ከባድ ነበር፣ እንቅልፍም የለኝም» ይበሉ። ዝርዝሩን መናገር አይጠበቅብዎትም፤ ይህ ብቻ ስለ ድባቴና ስለ ጭንቀት እንዲጠይቅዎት መንገድ ይከፍታል።